ዓሣው ከመግባቱ በፊት ውኃው ይዘጋጅ

አንዲት እናት ለልጃቸው ልደት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዙ። በዚያው ቀን የቧንቧ ውኃ ሞልተው ስድስት ጎልድፊሽ ጨመሩበት። በስምንተኛው ቀን አንድም አልተረፈም። «ውኃው ኩልል ያለ ነበር፤ ምን አጠፋሁ?» ይላሉ።

የልጅዎ ኀዘን ይገባኛል። ሻጩ ይህን ሳይነግርዎት መሸጡ ደግሞ ያናድደኛል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ በሰፊ ባልዲ ተከፍቶ ቢያድር ይተናል። ዋናው ገዳይ ግን ዓሣው ራሱ የሚያስወጣው አሞኒያ ነው። ውኃውን ሳያደፈርስ የዓሦቹን መተንፈሻ፣ ስንጥባቸውን ያቃጥለዋል። በቆየ ገንዳ ውስጥ፣ የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ እሱንም ጉዳቱ ቀለል ወዳለው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን እኛ በየሳምንቱ የውኃውን ሩብ ያህል እየቀየርን እናስወጣዋለን። አዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ እስኪባዙም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ዓሣ አያስገቡ። ማጣሪያው ይሥራ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ያድርጉበት፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ሆኖ ባክቴሪያዎቹን ይመግባል። ጤነኛ ዓሣ ያለው ወዳጅ ካለዎት ከስፖንጁ ቁራጭ ይለምኑት፤ ለሊጥ እርሾ እንደ መበደር ነው። ስፖንጁንም በቧንቧ ውኃ አይጠቡት፣ ባክቴሪያው ያልቃል፤ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ያለቅልቁት።

ጎልድፊሽ ሲያድግ 20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ 60 ሊትር ለአንዱም ይጠበዋል። ጉፒ በሚባሉ ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ይጀምሩ፤ ለአዲስ አበባ ሌሊት ማሞቂያ ይግዙላቸው።

በቀን ስንት ጊዜ ላብላ?

አንዴ። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል።

ከአዳማ፦ እጄን ውኃው ውስጥ ስከት ይነዝረኛል፤ ለዓሦቹ ያሰጋል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ያሰጋል! እጅዎን ዳግም አይክተቱ። መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ፣ ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው እንዳይመልሱት። ዛሬውኑ ይጥሩ።

ዓሣዬ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ።

ተላላፊ ጥገኛ ሳይሆን አይቀርም። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ከሐዋሳ፦ ቤት ልለቅ ነው፤ ዓሦቼን ሐይቁ ውስጥ ብለቃቸው?

እባክዎ አያድርጉት። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ለአበባው ውበት የተወደደ ተክል ነው፤ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጣና ላይ ታየ፣ ዛሬም ገበሬና ዓሣ አጥማጁ በእጁ እየነቀለ ነው። የቤት ዓሣም በሽታ ይዞ ሊገባ፣ የሐይቁን ዓሣ ምግብ ሊሻማ ይችላል። ለሚያሳድግ ሰው ይስጧቸው፤ ተቀባይ ከጠፋ ሻጩን መልሰህ ውሰድ ይበሉት። የገንዳውን ውኃና ተክልም ወደ ሐይቁ አይድፉ።