ወደ መጀመሪያው የሂሳብ ሥራ በየት በኩል ይገባል?

ውጭ አገር እየኖራችሁ፣ በአካውንቲንግ ተመርቃችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ኤሲሲኤ ወይም ሲፒኤ የሚባለውን የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ፈተና ጀምራችሁ፣ ማመልከቻችሁ ግን «ልምድ የለዎትም» እየተባለ የሚመለስባችሁ ብዙ ናችሁ። እኔ በምሠራበት ክፍል ጀማሪ ሲቀጠር ማመልከቻ ከሚያጣሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ከዚያ ወንበር ሆኜ የማየው፣ አብዛኛው ወገናችን «አካውንታንት» ለሚለው መደብ ብቻ እንደሚያመለክት ነው። ያለ ልምድ የሚገባበት ሥራ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የተከፋይ ሂሳብ ጸሐፊ፣ የተሰብሳቢ ሂሳብ ጸሐፊ፣ የደመወዝ ክፍል ረዳት፣ መዝገብ ያዥ።

«ዲግሪ ይዤ እንዴት ጸሐፊ እሆናለሁ?» የሚለውን ቅሬታ ለምጄዋለሁ። ሥራውን በቅርብ ያላየ ሰው ቅሬታ ነው። ተከፋይ ሂሳብ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ከአቅራቢ የመጣውን ኢንቮይስ ከግዢ ትእዛዙና ዕቃው መግባቱን ከሚያሳየው ሰነድ ጋር ያመሳክራል፤ ሦስቱ ካልገጠሙ ክፍያውን ያግዳል። ወር ሲዘጋ ደግሞ አገልግሎቱ ተሰጥቶ ኢንቮይሱ ያልደረሰውን ወጪ አስልቶ ያስመዘግባል። ይህን አንድ ዓመት የሠራ ሰው ስለ ተጠራቃሚ ወጪ ሲጠየቅ ከመጽሐፍ የሸመደደውን አይደግምም፤ ባለፈው ወር የገጠመውን ይናገራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሥራ ሲጠፋ ተጨማሪ ትምህርት ውስጥ መደበቅ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያ አንድ ሰርተፍኬት፣ ከዚያ ሌላ። ቀጣሪው ይህን ሲያይ ሁለት ጊዜ ይጠራጠራል፤ ለጸሐፊነቱ «ቶሎ ጥሎን ይሄዳል»፣ ለአካውንታንትነቱ ደግሞ «መዝገብ ነክቶ አያውቅም» ይላል። ፈተናውም ቢሆን ያለ ሥራ የትም አያደርስም። ኤሲሲኤ ለሙሉ አባልነት 36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የካናዳው ሲፒኤ 30 ወር፤ በአሜሪካም ፈቃድ ለማግኘት ከፈተናው ሌላ የተረጋገጠ የሥራ ልምድ የግድ ነው። በኤሲሲኤ በኩል ያላችሁ ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ሥራ የግድ «አካውንታንት» የሚል ስም ሊኖረው አያስፈልግም። የሚጠየቁትን የብቃት ግቦች የሚያሟላና ኃላፊ የሚያረጋግጠው የሂሳብ ሥራ ከሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ለጸሐፊነት ስታመለክቱ ሁለተኛ ዲግሪውን ከሲቪው አናት ላይ አንሱና ከታች አስፍሩት። መደበቅ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው።

አሁን ያላችሁበትንም ሥራ አትናቁ። ሆቴል የምትሠሩ ካላችሁ ናይት ኦዲተር ስለሚባለው የሌሊት መደብ ጠይቁ። ይህ ሠራተኛ የቀኑን ሂሳብ ይዘጋል፤ የክፍል ኪራዩንና ታክሱን ይመዘግባል፤ በካርድና በጥሬ ገንዘብ የተሰበሰበውን ከሽያጩ ጋር ያመሳክራል፤ ሪፖርቱን ጠዋት ለሂሳብ ክፍል ያስረክባል። ሌሊት መሥራት ስለሚከብድ ቀጣሪዎች ልምድ ላይ ያን ያህል አይጨክኑም። መጋዘን ያለ ሰው በዕቃ ቆጠራ ይሳተፍ፤ ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ ካዝና የዘጋበትን ሥራ «ደንበኛ አስተናግጃለሁ» ከሚለው በላይ ይጻፍ። በበጎ ፈቃድ የአንድ ማኅበር ወይም ቤተ እምነት ሂሳብ መያዝም ሁነኛ ልምድ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ቪታ የሚባል፣ በፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት የሚደገፍ ፕሮግራም አለ፤ ሥልጠናውን ወስዶ ፈተናውን ያለፈ ሰው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የግብር ማስታወቂያ በነፃ ይሞላል።

ከአገር ቤት ልምድ ይዛችሁ የመጣችሁ ሲቪያችሁን እንደገና ተመልከቱት። በ2010 ዓ.ም. የተጻፈ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳይቀየር ሲቀርብ፣ ፈረንጁ 2010ን በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት ሥራ የፈታችሁ ትመስላላችሁ። ቀኖቹን ሁሉ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ቀይሩ። ሁላችንም የተማርነው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራምም ስሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ተለውጦ ሴጅ 50 ተብሏል፤ አሜሪካ ያላችሁ ሁለቱንም ስም ጻፉ። የእንግሊዝና የካናዳ ሴጅ 50 ግን ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ «አውቀዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩት። ኩዊክቡክስ ኦንላይንና ዜሮ (Xero) የሚባሉት የሂሳብ ፕሮግራሞች ለመለማመጃ የተዘጋጀ ምናባዊ ኩባንያ በነፃ ያቀርባሉ፤ እሱ ላይ የአንድ ወር ሂሳብ ከመጀመሪያ እስከ መዝጊያ ሥሩ። አይኤፍአርኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847 የመጣ ስለሆነ፣ በዚያ ሥርዓት የሠራችሁ ይህን በግልጽ ጻፉ፤ በብዙ አገር ዋጋ አለው። አሜሪካ ዩኤስ ጋፕ የሚባለውን የራሷን የሂሳብ ደንብ ስለምትከተል ዋና ዋና ልዩነቶቹን አጥኑ። ለምሳሌ ላይፎ የሚባለው፣ መጨረሻ የገባው ዕቃ ቀድሞ እንደወጣ የሚቆጥረው የዕቃ ክምችት ስሌት እዚያ ይፈቀዳል፤ በአይኤፍአርኤስ ግን ክልክል ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ የምንወደው ፈተና ባንክ ማስታረቅ፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማገጣጠም ነው። የባንኩ መግለጫ 13,105፣ የድርጅቱ መዝገብ 12,480 ይላል እንበል። ተጽፎ ባንክ ያልደረሰ የ695 ቼክ አለ፤ ከባንኩ ሲቀነስ 12,410 ይሆናል። ባንኩ የቆረጠው፣ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የ25 የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ መዝገቡ 12,455 ላይ ይወርዳል። አሁንም 45 ይቀራል። ብዙ ተፈታኝ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። 45 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቦታቸውን የተለዋወጡ ሁለት አኃዞች ናቸው። ቼኮቹን አንድ በአንድ ስታዩ በ594 የተከፈለው መዝገብ ላይ 549 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ጊዜው አልቆ ያልጨረሰ ተፈታኝ እኔ ዘንድ ሊያልፍ ይችላል። 45ቱን «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ወርውሮ ያስታረቀ ግን አያልፍም።

በዚያው መንፈስ አንድ ነገር ልጨምር። በገንዘብ የውሸት የሥራ ልምድ የሚያዘጋጁ፣ ስልክ ሲደወል «አዎ፣ እኛ ጋ ሠርቷል» ብለው የሚመልሱ ሰዎች በየከተማው አሉ። አትጠጓቸው። ሙያችን በሙሉ የቆመው በእምነት ላይ ነው፤ ከተቀጠራችሁ በኋላም ቢደረስበት ያባርራል፣ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የምታደርጉትንም ጥረት ያበላሻል። ሥራ ለማስቀጠር ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰውም ከነዚሁ ጎራ ነው።

ስለ ጊዜው ላንሳና ላብቃ። ኬፒኤምጂና ዴሎይትን የመሳሰሉት ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች ጀማሪ የሚወስዱት በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ፣ በራሳቸው የምልመላ ወቅት ነው፤ እዚያ ማመልከት ክፉ ባይሆንም ኃይላችሁን ሁሉ አትጨርሱበት። ትንንሽ የሂሳብና የግብር ቢሮዎች በግብር ወቅት ሰው ያጥራቸዋል። የግል ግብር ማሳወቂያ ቀነ ገደብ በአሜሪካ ኤፕሪል 15፣ በካናዳ ኤፕሪል 30 ነው፤ በእንግሊዝ በኢንተርኔት ለሚያሳውቁ ጃንዋሪ 31 ነው። ማመልከቻችሁ ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ይድረሳቸው። «የተገኘውን ሁሉ እሠራለሁ» አትበሉ። በሳምንት ስንት ሰዓት መሥራት እንደምትችሉና የትኛውን ፕሮግራም እንደምታውቁ በሁለት መስመር አስቀምጡ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መናገራችሁንም ጨምሩ። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሐበሾች የሆኑበት ቢሮ ለቋንቋው ብሎ ሊጠራችሁ ይችላል።