ጥያቄና መልስ፦ የሲኤንኤ ሥራ ከስልጠናው እስከ አልጋው ዳር

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያንና ሕሙማን መንከባከቢያ ቤት) በሲኤንኤነት፣ ማለትም ፈቃድ ባለው የነርስ ረዳትነት፣ ከሚሠሩ ወይም ሊጀምሩ ካሰቡ አንባቢያን ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ስልጠናው ስንት ሰዓት ነው? ነርሲንግ ሆሙ ይከፍልልሻል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው? እንግሊዝኛ ማንበብ ላይ ብዙም አይደለሁም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛው መጠን 75 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በአሠልጣኝ ፊት የሚሠራ ተግባር መሆን አለበት። ስቴቶች ይጨምሩበታል፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 160 ሰዓት ትጠይቃለች። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ትምህርት ቤቱ በስቴትዎ የጸደቀ መሆኑን ያጣሩ። ባልጸደቀ ቦታ የተማሩት ለፈተና አያስቀምጥም።

ክፍያውን በተመለከተ የሰሙት እውነት ነው፣ ግን በሙሉ አይደለም። ስልጠናውን ሲጀምሩ ነርሲንግ ሆሙ ቀጥሮዎት ወይም ሥራ ሊሰጥዎ ቃል ገብቶ ከሆነ፣ የስልጠናውንም የመጽሐፉንም የፈተናውንም ሊያስከፍልዎ አይችልም። በራስዎ ገንዘብ ተምረው በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠሩ ደግሞ፣ በሠሩት ጊዜ ልክ ተሰልቶ የሚመለስበት አሠራር አለ። ደረሰኝ አይጣሉ።

የጽሑፍ ፈተናውን በጆሮ እየሰሙ መውሰድ ይቻላል፤ ሲመዘገቡ አስቀድመው ይጠይቁ። ካለፉ በኋላ ስምዎ በስቴቱ መዝገብ ይገባል። 24 ወር ሙሉ በሙያው ተከፍሎዎት ካልሠሩ ግን እንደገና መሠልጠን ወይም መፈተን ይመጣል።

ጥያቄ፦ የተግባር ፈተናውን በእጅ መታጠብ ወደቅሁ። እጅ መታጠብ ማን ያቅተዋል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ብዙ ሰው ያቅተዋል፤ ለዚህም ነው ብዙ ስቴቶች በሚጠቀሙበት ፈተና ከሚወጡት 5 ክህሎቶች አንዱ ሁልጊዜ እሱ የሚሆነው። በሳሙና ማሸቱ ብቻውን ቢያንስ 20 ሰከንድ ነው፤ ማለቅለቁ አይቆጠርም። የተጨነቀ ሰው ሲቆጥር ይፈጥናል፣ ስለዚህ በልብዎ እስከ 30 ይቁጠሩ። በጣቶች መሃልና በጥፍር ሥር ማሸትም አይዘንጉ። ሲያለቀልቁ ጣቶችዎ ወደታች ይሁኑ፣ ከእጅ አንጓ የሚወርደው ውሃ በጣት ጫፍ በኩል እንዲወጣ። በአንድ ሶፍት ካደረቁ በኋላ ቧንቧውን የሚዘጉት በሌላ ንጹሕና ደረቅ ሶፍት ነው። የብዙዎቹ መውደቂያ ይሄኛው ነው፤ ወይም ደግሞ እጃቸው የመታጠቢያውን ገንዳ ውስጡን ይነካና ሳያስተውሉት ያልፋሉ። ከነካ «እንደገና እጀምራለሁ» ብለው ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ የመታቸው ሰውዬ አሉ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ብብታቸው ሥር ይዤ ነው የማነሳቸው። እሳቸውም «ትከሻዬን» ይላሉ፣ የኔም ወገብ አለቀ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ በብብት ማንሳት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ስትሮክ የመታው ትከሻ ጡንቻው ስለላላ አጥንቱን አጥብቆ አይዝም፤ ሲጎትቱት ከመጋጠሚያው ይወርዳል። ሕመማቸው ከዚያ ሊሆን ስለሚችል ለነርሷ ዛሬውኑ ይንገሩ።

መጀመሪያ ኬር ፕላናቸውን (የእንክብካቤ ዕቅዳቸውን) ይዩ፤ በአንድ ሰው፣ በሁለት ሰው ወይስ በሊፍት (ሰው በሚያነሳው ማሽን) የሚለው እዚያ ተጽፏል። በአንድ ሰው ከሆነ ዊልቸሩን በደህናው ጎናቸው፣ ማለትም በቀኝ በኩል፣ ከአልጋው ጎን ትንሽ ሰያፍ አድርገው ያስጠጉ። ፍሬኑን በሁለቱም በኩል ይቆልፉ፤ የእግር ማሳረፊያውን ያንሱ፣ አለዚያ ሲዞሩ ቁርጭምጭሚታቸውን ይመታል። የአልጋውም ጎማ ይቆለፍ። የማይንሸራተት ጫማ ካደረጉላቸው በኋላ እግራቸው ወለሉን ሙሉ በሙሉ እንዲረግጥ አልጋውን ዝቅ ያድርጉ።

ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ትንሽ ይጠብቁ። ተኝቶ የቆየ ሰው በድንገት ሲነሳ ደም ግፊቱ ይወርዳል፤ «ያዞርዎታል?» ብለው ሳይጠይቁ አያስነሱ። ጌይት ቤልቱ (ሲያስነሷቸው የሚይዙት ሰፊ ቀበቶ) ከልብስ በላይ ወገባቸው ላይ ይታሰራል፤ ጣትዎ ከሥሩ የሚገባ ያህል ብቻ ይላላ። ሆዳቸው በቅርቡ ተቀዶ ወይም በሆድ ቱቦ የሚመገቡ ከሆነ ነርሷን ሳይጠይቁ አይሰሩት።

አሁን ፊት ለፊታቸው እግርዎን ከፈት አድርገው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ጀርባዎን ቀጥ አድርገው ይቁሙ። የደከመውን የግራ ጉልበታቸውን በጉልበትዎ ደገፍ ያድርጉት፣ እንዳይታጠፍ። ቤልቱን ከሥር ወደላይ በሁለት እጅ ይያዙ። እሳቸው በደህናው እጃቸው አልጋውን ይገፋሉ፣ ደረታቸውን ወደፊት ያዘነብላሉ፤ በሦስት ላይ አብራችሁ ትነሳላችሁ። ወገብዎን አይጠምዝዙ፤ በትንንሽ እርምጃ ይዙሩ። ወንበሩ የእግራቸውን ጀርባ እስኪነካ ድረስ አያስቀምጡ። አንገትዎን አቅፈው ለመነሳት ከሞከሩ በጨዋነት እጃቸውን ወደ አልጋው ይመልሱ፤ የሰው አንገት ያን ክብደት አይችልም።

መሃል ላይ ጉልበታቸው ከከዳ ይዘው ለማስቀረት አይታገሉ። ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው በእግርዎ ላይ እያንሸራተቱ ወለሉ ላይ ያውርዷቸው፣ ጭንቅላታቸውን ይጠብቁ፣ ነርስ ይጥሩ። ነርሷ ሳታያቸው መልሶ ማንሳት የለም።

ሊፍት የሚያስፈልገው ሰው ሲሆን አብዛኞቹ ነርሲንግ ሆሞች ሁለት ሠራተኛ ያዛሉ። እዚህ ላይ የኛን ሰው ወገብ የሚሰብረው ከክብደቱ ይልቅ ይሉኝታው ነው፦ «ሥራ ላይ ያለችን ልጅ ለምን ላስቸግር»። ያስቸግሯት፤ ነገ እሷም ትጠራዎታለች።

ጥያቄ፦ እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ ሸሚዛቸውን ሲለብሱ ቆሜ ማየት ነውር ሆነብኝ። ሱፐርቫይዘሬ «አታልብሻቸው» አለችኝ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲታጠብ ውሃ የሚያፈስስ ልጅ ነውና ስሜትዎ ይገባናል። ሱፐርቫይዘሯ ግን ትክክል ናት። ቁልፉን ዛሬ እርስዎ ከቆለፉላቸው ነገም ከነገ ወዲያም ይቆልፋሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣታቸው ያንን ሥራ ይረሳዋል። እጅጌውን ያዘጋጁላቸው፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ይጀምሩላቸው፣ ቀሪውን ይተዉላቸው። መርዳት ካለብዎ በደከመው ክንድ ጀምረው ያልብሱ፤ ሲያወልቁ ግን ደህናው ይቀድማል።

«ማማ»፣ «ሃኒ»፣ «ስዊቲ» የሚባለውም ይቅር። ሌላ ስም እስኪመርጡ ድረስ ሚስስ ብለው በቤተሰብ ስማቸው (በላስት ኔም) ይጥሯቸው።

ጥያቄ፦ አልጋ ላይ የዋሉትን በየ2 ሰዓቱ ሳገላብጥ ቆዳቸው መቅላቱን እንዳይ ተነግሮኛል። ጥቁር ሰው ላይ መቅላት እንዴት ይታያል? (ከሲያትል)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ የአልጋ ቁስል ጥቁር ሰው ላይ ዘግይቶ የሚታወቀውም ለዚህ ነው። በዓይንዎ ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያ በእጅዎ ይዳስሱ። ከጎኑ ካለው ቆዳ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የደነደነ ወይም ውሃ የቋጠረ ያህል የላላ ከሆነ፣ ወይም ሲነካ የሚያም ከሆነ ለነርሷ በዚያው ሰዓት ይነገር። መቀመጫ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ የጭንቅላት ኋላ አይታለፉ።

የተጎዳ የሚመስለውን ቦታ አያሹት፤ ከሥር ያለውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ትራሱን ተረከዙ ሥር ሳይሆን ባቱ ሥር ያድርጉ፤ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ወደላይ ሲያወጧቸውም አይጎትቱ፤ ከሥራቸው በተነጠፈው አንሶላ ሁለት ሆናችሁ አንሱ። ያላገላበጡትን «ተገላብጧል» ብሎ ቻርት ማድረግ (መዝገብ ላይ መጻፍ) ግን ቁስሉ ሲወጣ እርስዎ ላይ የሚመጣ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ መጠጣቸው ሁሉ እንዲወፍር የታዘዘላቸው ሽማግሌ «ንጹሕ ውሃ» እያሉ ይለምኑኛል። ውሃ መከልከል አልሆንልህ አለኝ። (ከዳላስ)

መልስ፦ ውሃ ለለመነ መከልከል እኛ ዘንድ ግፍ ነው። እሳቸው ግን ሲውጡ ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይገባባቸዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳያስለው ነው የሚገባበት፣ ስለዚህ «ደህና ጠጡ» ብለው ይታለላሉ። መዘዙ የሳንባ ምች ነው። በታዘዘው ልክ የወፈረ ቀዝቃዛ ውሃ ያቅርቡላቸው፣ አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ያጽዱላቸው፣ ከንፈራቸውን ያርጥቡ። ልመናቸውን ደግሞ ለነርሷ ይንገሩ፤ የመዋጥ ችሎታቸውን የንግግር ቴራፒስት እንደገና ልትመረምር ትችላለች፣ ትእዛዙም ሊቀየር ይችላል።

ሲጠጡም ሲበሉም ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከጨረሱ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል አያስተኟቸው። የጠጡትን ሲመዘግቡ 1 አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ8 አውንስ ኩባያ ግማሹ ከቀረ የሚጻፈው 120 ነው።