ለባልትና ጀማሪዋ እህታችን፦ ገዢ ያመጡልኝ ድረ ገጾችና ሐሳቦች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። በርበሬና ሽሮ በቤትሽ ማዘጋጀት ከጀመርሽ ሰባት ወር እንደሆነሽ፣ እስካሁን የሚገዙሽ ጎረቤትና ዘመድ ብቻ እንደሆኑ፣ ለማስታወቂያ የምታወጪው ገንዘብ እንደሌለሽ ጽፈሻል። የጠየቅሽን ሁለት ነገር ነው፦ በነጻ የሚጠቅሙና ደስ የሚሉ ድረ ገጾች የትኞቹ ናቸው፣ በኢንተርኔት ለመሸጥስ የሚያዋጣ አዲስ ሐሳብ አለ ወይ? እኔ ባልትና ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ዛሬ ከሽያጬ ከግማሽ በላዩ በስልክ የሚታዘዝ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የከሰርኩበትን ልንገርሽ፣ አንቺም እንዳትደግሚው። በጀመርኩበት ዓመት ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ለሚያስተዳድር ሰው 4,000 ብር ከፍዬ እንዲያስተዋውቀኝ ተስማማን። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው ወደ ቴሌግራም ቻናሌ ገባ። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ጠበቅኩ፤ አንድ ኪሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ የገቡት የሞባይል ካርድ ሽልማት አለ ተብለው እንጂ በርበሬ ፈልገው አልነበረም። ያንን 4,000 ብር ለማግኘት ስንት ቀን ጎንበስ ብዬ እንደቀነጠስኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ገዢ ያመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ዛላ በርበሬ ቀንጥሼ ጨርሼ ግቢያችን ውስጥ በሦስት ሳፋ ውኃ አጥባለሁ። የመጀመሪያው ሳፋ ውኃ እንደ ጎርፍ ደፈረሰ። ሁለተኛው ጠላ መሰለ። ሦስተኛው ሳፋ ውስጥ ግን በርበሬው ገብቶ እንኳ ከሥር ያለው የአበባ ሥዕል ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ልጄ በስልኳ ቀረጸችው፤ አርባ ሰከንድ የማይሞላ፣ ሙዚቃ የሌለው፣ የውኃው ድምፅና የእጄ እንቅስቃሴ ብቻ ያለበት ቪዲዮ። ከሥሩ «በርበሬያችን ሦስት ጊዜ ይታጠባል» ብላ ጽፋ ቻናላችን ላይ ለጠፈችው። በዚያው ምሽት አሥራ አንድ ሰው ደወለ። አንዲት እናት ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቁ «ውኃውን አይቼዋለሁ፣ አምስት ኪሎ አስቀምጪልኝ» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ቆይቼ ነው የገባኝ። በርበሬ አንዴ ከተፈጨ በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይለይም። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ተሸጠ የሚል ወሬ ያልሰማ ሰው የለም፤ ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ልቡ ይፈራል። ያንን ፍርሃት የሚያነሣለት ቆንጆ ጽሑፍ አይደለም፤ ሥራው ሲሠራ ማየቱ ነው። ስለ ማስታወቂያ የምትጠይቂኝ ሁሉ መልሱ ከዚህ ይጀምራል።

ይህ በባልትና ብቻ የሚሠራ እንዳይመስልሽ። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ብሌንድቴክ የሚባል የመፍጫ ማሽን አምራች አለ። መሥራቹ ቶም ዲክሰን የማሽኖቹን ጥንካሬ የሚፈትነው እንጨት እየከተተ በመፍጨት ነበር፤ ይህን ግን ከድርጅቱ ሠራተኞች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆርጅ ራይት የሚባለው የገበያ ኃላፊያቸው ወለሉ ላይ የእንጨት ብናኝ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩ ሲገባው በ50 ዶላር ገደማ ነጭ ጋዋን፣ የመስታወት ብይ፣ የተጠበሰ ዶሮና የመሳሰለውን ገዝቶ ዲክሰን ሲፈጫቸው ቀረጸና ዩቲዩብ ላይ ጫነ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ የወጣውን አይፎን ሳይቀር ፈጩት። የማሽኑ ሽያጭ በብዙ እጥፍ አደገ። ሰውየው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ በየቀኑ በጓዳ የሚሠራውን አውጥቶ አሳየ።

አዲስ ሐሳብ ብቻውን የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። አሌክስ ቲው የሚባል የ21 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ገጹን ፒክስል በሚባሉ አንድ ሚሊዮን ጥቃቅን የምስል ነጥቦች ከፋፍሎ እያንዳንዱን በ1 ዶላር ለማስታወቂያ ሸጠ። የመጨረሻዎቹ 1,000 ነጥቦች በጨረታ 38,100 ዶላር አወጡለት፤ ጠቅላላ ገቢው 1,037,100 ዶላር ሆነ። ሐሳቡን ቀድተው የሞከሩት ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ከስመው ቀሩ፣ ሰው ለማየት የጓጓው የመጀመሪያውን ነበርና። የሌላ ሰው ብልሃት ይሠራልኛል ብለሽ እንዳትደክሚ የምልሽ ለዚህ ነው። የአንቺን ጓዳ ግን ማንም ሊቀዳው አይችልም።

ስለዚህ ገዢው የማያየውን አንድ በአንድ ቁጠሪ። ቀነጠሳው አለ። ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ሲላጥ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ ሲለቀም፣ ድልዙ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ አተሩ ሲታመስ። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ገዢ ያመጣው የወፍጮ ቤቱ ነው። አንቺም እንደምታውቂው ወፍጮ ቤት ስትሄጂ መጀመሪያ የሚወጣው ካንቺ በፊት የፈጨው ሰው እህል ነው። እኔ ጥቂት የራሴን ሽሮ አስቀድሜ አስገብቼ፣ ከሌላ ሰው ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣውን ለብቻ በትንሽ ላስቲክ እቀበልና ለሽያጭ ከሚሆነው እለየዋለሁ። ይህን ስሠራ አስቀረጽኩት። ስንት ሰው «እንዲህ የሚያደርግ አለ እንዴ?» ብሎ እንደጻፈልኝ!

አሁን ወደ ድረ ገጾቹ ልምጣ። ለሥዕልና ለጽሑፍ ብዙ ሰው ካንቫ የሚባለውን ይጠቀማል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ፎቶፒያ (Photopea) የሚባለውን እመርጣለሁ። በስልክም በኮምፒውተርም እንደ ክሮም ባለ የኢንተርኔት አሳሽ ውስጥ በነጻ ይከፈታል፣ ምንም አይጫንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራስሽን የፊደል ቅርጽ እንድታስገቢ ይፈቅድልሻል። ከጉግል ፎንትስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን በነጻ አውርጂና አስገቢያቸው። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት አማርኛዬ ሳጥን ሳጥን ሆኖ እየወጣ ስንት ሌሊት አባክኛለሁ። ስኩሽ (Squoosh) የሚባለው ደግሞ የፎቶ ክብደት ይቀንሳል፤ 4 ሜጋባይት የነበረውን ጥራቱ እምብዛም ሳይጎዳ ከ300 ኪሎባይት በታች ሊያደርግልሽ ይችላል። የገዢሽ የኢንተርኔት ጥቅል ውድ ነው፣ ከባድ ፎቶ እስኪከፈት የሚጠብቅሽ ሰው ጥቂት ነው።

ቲንአይ (TinEye) ከሚባለው ድረ ገጽ ጋር የተዋወቅኩት በችግር ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ደውላ «ገንዘብ ከላክሁ ሳምንት ሆነኝ፣ በርበሬዬ የት አለ?» አለችኝ። የላከችው ለእኔ አልነበረም፤ የእኔን ፎቶዎች ሰብስቦ በሌላ ስም ቻናል ለከፈተ አጭበርባሪ ነው። ቲንአይም ሆነ ጉግል ሌንስ ፎቶሽን ስታስገቢ ለሁሉም ክፍት በሆኑ ድረ ገጾች ላይ ሌላ የት እንደተለጠፈ ይፈልጉልሻል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ምርት ስናነሣ የዕለቱን ቀን በእጄ የጻፍኩበት ብጣሽ ወረቀት ከሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣለሁ። በቻናሌ አናት ላይም በቴሌብር ሲከፍሉ መውጣት ያለበትን ሙሉ ስሜን ጽፌ ሰክቼዋለሁ፤ ሌላ ስም ከወጣ እንዳይልኩ።

ደስ ከሚሉት ውስጥ ቅመም ስለቅም የምከፍተው ሬዲዮ ጋርደንን ነው። የምድርን ሉል በጣትሽ እያዞርሽ በየከተማው በዚያች ሰዓት የሚተላለፈውን ሬዲዮ ትሰሚያለሽ። ለሽያጭ አይጠቅምም፣ ግን ኮረሪማ ፈልፍለሽ የማታልቅ ስትመስልሽ ጥሩ ጓደኛ ነው። ዊንዶው ስዋፕ ግን ደስ ከማሰኘትም አልፎ ሥራ ሰጠኝ። በሲንጋፖር የሚኖሩ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሰው ሁሉ በኮሮና ምክንያት ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ የጀመሩት ነው፤ የዓለም ሰዎች ከመስኮታቸው የሚታየውን ቀርጸው ይልካሉ፣ አንቺ ከፍተሽ ታያለሽ። አንድ ማታ የማላውቀውን ሰው መስኮትና በመስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳይ አንድ ነገር መጣልኝ፦ የእኔ ሽሮ የሚበላው በየትኛው መስኮት አጠገብ ነው?

በማግስቱ በቻናሌ «ሽሮዬን ስትሠሩ ድስቱንና መስኮታችሁን አንድ ላይ አንሥታችሁ ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ የመጣው ከሚኒሶታ ነው፦ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ትንሽ የሸክላ ድስት፣ ሽሮው ተንተክትኮ ጠርዙ ላይ የተረጨ፣ ከኋላ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን በረዶ። ላኪዋ «እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ» ብላ ጻፈችበት። ቀጥሎ ከኩዌት፣ ከቴል አቪቭ፣ ከሐዋሳ፣ ከራሳችን ሠፈር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ፊታቸውንም ስማቸውንም አላሳየሁም፤ እየፈቀዱልኝ ድስቱንና መስኮቱን ብቻ ለጠፍኩ። ምንም ሳላወጣ ውጭ አገር ያሉ እህቶች እርስ በርስ እየተላላኩት፣ ለሚመጣ ሰው «ስትመለስ ከእሷ አምጣልኝ» የሚሉ ትእዛዞች በዙልኝ። አገር ቤት ላሉ እናቶቻቸውም እነሱ እየከፈሉ ያዝዛሉ። የአንቺ ሐሳብ መስኮት መሆን የለበትም፣ ግን ገዢዎችሽ የሚልኩትና የእነሱ የሆነ አንድ ነገር ፈልጊ።

ከውጭ ገዢ ጋር ስትሠሪ ሰዓት ይለያያል። ታይም ኤንድ ዴት የሚባለው ድረ ገጽ የየከተማውን ሰዓት ያሳይሻል። ሳዑዲና ኩዌት ከእኛ ጋር አንድ ናቸው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፣ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ይዘገያል። ለአሜሪካ ደንበኞቼ የምጽፈው በእኛ ሌሊት እንዲደርሳቸው አስቀድሜ በቴሌግራም ቀጠሮ ይዤ እተኛለሁ፤ የመላኪያ ምልክቱን ጫን ብለሽ ስትይዢው ይህ ምርጫ ይመጣል። ውጭ ላሉት ዋትስአፕ ቢዝነስም ጫኚ፤ ምርቶችሽን ከነዋጋቸው የምትደረድሪበት ዝርዝር አለው፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ ከመመለስ ያሳርፍሻል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ፊደላችን ነው። አንዱ «አሰራር» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «አሠራር»፤ አንዱ «ፆም»፣ ሌላው «ጾም»። አንዲት ደንበኛዬ «የፆም ሽሮ» ብላ ቻናሌ ውስጥ ፈልጋ ምንም እንዳላገኘች ነገረችኝ፤ እኔ የጻፍኩት በ«ጸ» ነበር። አሁን ዋና ዋና ቃላትን ከጽሑፉ ሥር በሁለቱም ዓይነት፣ በላቲን ፊደልም ጭምር እጽፋቸዋለሁ። ዩቲዩብ ላይም «ሽሮ» ብለሽ ጀምረሽ ሳትጨርሺ ቆም በዪና ከሥር የሚደረደሩትን ተመልከቺ፤ ሰው የሚፈልገው ያ ነው፤ ለሚቀጥለው ቪዲዮሽ ርዕስ ከዚያ ውሰጂ።

መቼ እንደምትለጥፊ ከፈረንጅ የገበያ ምክር አትማሪ፤ የእኛን ዓመት እዪ። ሽሮ የሚሸጠው ጾም ከገባ በኋላ ሳይሆን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1። በርበሬ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይፈለጋል፣ ግን በዋዜማው ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ስለሆነ ትእዛዙን ቀድመሽ ያዢ። የረመዳን ወር ከዓመት ዓመት ወደ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ለሾርባ የሚሆን ገብስና አጃ ካዘጋጀሽ ሙስሊም ደንበኞችሽ አይረሱሽም።

የራሴ ድረ ገጽ ያስፈልገኛል ወይ ላልሽው፣ አሁን አያስፈልግሽም። በእሱ ፈንታ ቤትሽ መጥቶ የሚወስድ ሰው ካለ በጉግል ካርታ ላይ ቦታሽን በነጻ አስመዝግቢ። ለሠሪ የምትከፍይው ገንዘብ ካለሽ ሚዛንና ደህና ማሸጊያ ግዢበት።

የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት አተር ታምሺ ይሆናል። ልጅም ይሁን ጎረቤት አንድ ሰው ስልክ ይዞ አጠገብሽ ይቁም፣ ምጣዱ ላይ አተሩ ሲንጣጣ ድምፁን ይቅረጸው። ቪዲዮውን እዚሁ ለጥፊልን፣ እኔም ደንበኞቼ ለሚያዩት ቻናል አሳልፈዋለሁ።