የቶሳ ነፋስ አይደለም

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ በነበርኩበት ዘመን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን ብርድ ይዞኝ ጋቢ እደርብ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ የማሳብበው በቶሳ ተራራ ነፋስ ነው። ኋላ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ፤ እዚያ ወበቅ ነው። በዚያው ሰዓት ያው ብርድ መጣ። ለካ የሚቀዘቅዘው እኔው ኖሬያለሁ!

የሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው ይባላል እንጂ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አይውልም። አመሻሹ ላይ ከፍ ይላል፤ ከመንቂያችን ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። እኔ ግን በዚህች ዲግሪ አፍሬያለሁ። ጎህ ሲቀድ ለክቼ «ትኩሳቱ ለቀቃት» ብዬ የታማሚዋን ቤተሰብ አበሠርኩ፤ ማታ ተመልሶ ወጣ። ሐኪሙ አልተቆጡኝም፤ «ሙቀቱን ስታነቢ ሰዓቱንም አንብቢ» ብቻ አሉኝ።

ይህን የሚያዝዘው የሰውነታችን ሰዓት አንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ ያለ የ20,000 ያህል ሴሎች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ናትናኤል ክላይትማን የተባለ ተመራማሪ ከተማሪው ጋር አሜሪካ ውስጥ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ቅዝቃዜው በማይለዋወጥ ዋሻ 32 ቀን ከርሞ ቀኑን 28 ሰዓት ሊያደርገው ሞከረ። ተማሪው ተላመደ፤ የመምህሩ ሙቀት ግን በ24 ሰዓቱ እንደጸና ቀረ።

ታዲያ ለፈተና ብላችሁ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደብተር ላይ ስታንጎላጁ ስንፍና አይምሰላችሁ። ሰውነታችሁ የቀዘቀዘበት፣ ንቃታችሁም የወደቀበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ተኙና ሲነጋ ደጅ ወጥታችሁ ብርሃን እያያችሁ አንብቡ፤ ሰዓቱን የሚሞላው በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። የማታው የስልክ ብርሃን ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

እናቶቻችን ማታ እግራችንን በሞቀ ውሃ ሲያጥቡን ለንጽሕና ብቻ ይመስለን ነበር። እግር ሲሞቅ የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የውስጡ ሙቀት በዚያ ይወጣል፣ እንቅልፍም ይቀላል። በደሴ ብርድ ይህን የምትንቁ ከሆነ አዝንባችኋለሁ።

ቡናውንስ? ወሎዬ ሆኜ ተዉት አልልም። የሚያነቃን የቡናው ካፌይን ግን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። የማታውን በረካ እለፉት፤ በረከቱ ይቀርብኛል የሚል ጠዋት ይጠጣው።