ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ባንክ ወይም ኦዲት ቢሮ ተቀጥራችሁ የመጀመሪያ ፋይላችሁን ለተረከባችሁ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት አንድ የብድር ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ንግድ ፈቃዱ፣ መመሥረቻ ጽሑፉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ሁሉም ተሟልቷል። ትልቁ ባለአክሲዮን ግን ሰው አልነበረም፤ ኩባንያ ነው። አድራሻው ደግሞ ሮድ ታውን፣ ቶርቶላ ይልና የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይከተላል።

ቶርቶላ በካሪቢያን ባሕር ላይ በብሪታንያ ሥር ካሉት የቨርጂን ደሴቶች ትልቋ ናት። የደሴቶቹ ነዋሪ ሁሉ ቢደመር የአንድ ወረዳ ሕዝብ አይሞላም። በ1984 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጡት ሕግ ግን የትም ያለ ሰው ስሙ ለሕዝብ ሳይገለጥ፣ በትንሽ ወጪ፣ በቀናት ውስጥ ኩባንያ ማቋቋም ቻለ። ዛሬ እዚያ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ከነዋሪው ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በ2016 የፓናማ ሰነዶች የተባሉት፣ ከአንድ የፓናማ የሕግ ቢሮ ሾልከው የወጡት ፋይሎች፣ ለሕዝብ ሲገለጡ ከ200,000 በላይ ድርጅቶች ተዘርዝረው ነበር፤ ከግማሽ በላዩ የእነዚህ ደሴቶች ነው። ሁሉም የሌባ ነው አልልም፤ ብዙው በሕግ የሚሠራ ነው። የሚያስቸግረው የጉቦውም የንጹሑም ገንዘብ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው።

ለደሴቶቹ ሕዝብ አዝናለሁ። በሚያዝያ 2022 ፕሪሚየራቸው (የመንግሥታቸው መሪ) አንድሪው ፋሂ ማያሚ ውስጥ ተያዘ። የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ መስሎ ከቀረበው የአሜሪካ መንግሥት መረጃ አቀባይ ጋር ተስማምቶ፣ ኮኬይን በደሴቶቹ ወደብ ሊያሳልፍ፣ 700,000 ዶላር ተጭኖበታል የተባለ አውሮፕላን ሊያይ ሄዶ ነበር። በ2024 ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደበት። በተያዘ ማግስት የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ያለ በቂ ቁጥጥር ሲወጣ እንደኖረ ዘርዝሯል። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። የሀገር መሪ በአንድ ቀን እዚያ አውሮፕላን ሥር አይደርስም፤ ከእሱ በፊት ሳይጠየቁ ያለፉ ብዙ ወረቀቶች፣ ሳይጠይቁ የፈረሙ ብዙ እጆች አሉ።

እናንተም ጋ የሚመጣው ወረቀት ነው። የኩባንያው ባለቤት ሌላ ኩባንያ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ማን ነው በሉ፤ መታወቂያ ያለው፣ በስሙ የሚጠራ ሰው እስክታገኙ አትቁሙ። ጥያቄያችሁን በቃል አትተዉት፤ ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁ ፋይሉ ውስጥ አኑሩት። «ከላይ ያውቁታል» ቢሏችሁ የሚያውቀው ሰው ራሱ ይፈርም። በተለይ «ስምህን ብቻ አውሰን፣ ሥራ አስኪያጅ ሆነህ ትመዘገባለህ፣ ምንም አትሠራም» የሚላችሁን ሽሹት፤ የሚፈልገው በእሱ ፈንታ የሚጠየቅ ሰው ነው።

እኔም ያን ጊዜ እጄ እየተንቀጠቀጠ አንዲት መስመር ጻፍሁ፦ «የባለአክሲዮኑ ባለቤት ማንነት ይገለጽልን።» አለቃዬ ተቆጡ፤ ደንበኛ ታባርራለህ አሉኝ። ደብዳቤው ወጣ። በሳምንቱ አንድ ጠበቃ መጥቶ ሰነዶቹን ቆጥሮ ተረከበኝ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም። የዚያን ኩባንያ ባለቤት ስም እስከ ጡረታዬ አልሰማሁም።