ጥሬ ቦሎቄ ለአሳማ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ከ30 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝኑ አሳማዎች አሉኝ። የአኩሪ አተር ዋጋ አልቀመስ ብሏል። የተሰባበረ ቦሎቄ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ፈጭቼ ከበቆሎ ጋር ልስጣቸው? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ጥሬውን አይስጡ። በውስጡ ያለው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አንጀታቸውን ይጎዳል፤ ተቅማጥ ያመጣል፣ ዕድገታቸውንም ይገታል። መስጠትዎ ካልቀረ ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያንተክትኩት። ሳይፈላ ለብ ባለ ውሃ ማቆየት መርዙን አያጠፋውም። ማገዶው ሲደመር ግን ርካሽነቱ የታለ? እኛ ባቄላን እንመርጣለን።

ለ100 ኪሎ መኖ በቆሎ 50፣ ፉርሽካ 15፣ የተቆላ አኩሪ አተር 15፣ ባቄላ 12፣ የኑግ ፋጉሎ 5፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1፣ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ፣ ጨውና የቫይታሚን ቅልቅል ግማሽ ግማሽ ኪሎ ያዋህዱ። ፕሮቲኑ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ኑጉ ረከሰ ብለው አያብዙት፤ ላይሲን የተባለው ለዕድገት የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰውና ቃጫው ስለሚበዛ አሳማው እየበላ አያድግም። አኩሪ አተሩም ጥሬነት ከቀረው ፕሮቲኑ አይፈጭለትም፣ ካረረ ደግሞ ላይሲኑ ይበላሻል። እህሉን በ3 ሚሊሜትር ወንፊት ያስፈጩ፤ እንደ እንጀራ ዱቄት ከላመ ጨጓራቸውን ያቆስላል። የሻገተ በቆሎ ለእርጉዝ አሳማ ፈጽሞ አይሰጥም።