የአንባቢያን ጥያቄ፦ ባለማርሽ ካርት ላይ አጋዥ መሣሪያ መግጠም ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ በአማተር ውድድር ባለማርሽ ካርት (ማርሽ ያላት ትንሽ ክፍት የውድድር መኪና) እነዳለሁ። ተፎካካሪዬ ማርሽ ሲቀይር የካንዴላውን ብልጭታ ለቅጽበት የሚያቋርጥ መሣሪያ ገጥሟል። እኔም እሱንና የተሻሻለ ማርሚታ ብገጥም ሕጉ ይፈቅድልኛል?

መልስ፦ መልሱን የሚወስነው የተመዘገቡበት ምድብ ደንብ ነው። 125 ሲሲ ሞተር በሚጠቀመው ዓለም አቀፉ የኬዜድ ምድብ፣ ማርሽ የሚቀየረው በእጅና በሜካኒካል መንገድ ብቻ ሲሆን ብልጭታ ማቋረጫ ክልክል ነው፤ አንዳንድ የአገር ውስጥና የክለብ ውድድሮች ግን የራሳቸው ደንብ አላቸው።

መሣሪያው የሚጠቅመው፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲገፋ የማርሽ ጥርሶች ተጣብቀው ስለሚቆዩና ብልጭታው ሲቋረጥ ጫናው ለቅጽበት ስለሚላላ ነው። የለመደ ነጂ ይህንኑ በእግሩ ያደርገዋል፤ ፍሪሲዮኑን ለመነሻ ብቻ ይጠቀምና፣ ማርሹን በሚስብበት ቅጽበት ጋዙን በጥቂቱ ላላ አድርጎ ወዲያው ይመልሰዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ይህንን እለማመድ ነበር፤ የማቋረጫው ጊዜ በትክክል ካልተስተካከለ የጥርሶቹ ጠርዝ ይበላና ማርሹ በራሱ እየተፈናጠረ መውጣት ይጀምራልና።

የማርሚታው ጉዳይ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በባለሁለት ምት ሞተር ላይ የማርሚታው ቅርጽ ጉልበቱ የሚገኝበትን የሞተር ዙር መጠን (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ብዛት) ስለሚቀይር፣ ብዙ ምድቦች የጸደቀውን ብቻ ይቀበላሉ። እንደ ሮታክስ ማክስ ባሉ ሞተራቸው በሚታሸግ ምድቦች ደግሞ ማኅተሙ ተሰብሮ መገኘቱ ብቻውን ሊያሳግድ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የውድድሩን የቴክኒክ ተቆጣጣሪ ጠይቀው ምላሹን በጽሑፍ ይቀበሉ።